አሥራ አንድ ካርቶን

አሥራ አንድ ካርቶን ነበር። ስምንቱ የዘይት፣ ሦስቱ የሳሙና። በሰኔ 2008 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በሁለት የጎረቤት ልጆች አስወርጄ ለቆራሌው ሸጥኳቸው። ቆራሌው በውስጣቸው ያሉትን ካሴቶች ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ይገለብጣል፤ ሽፋናቸውን እያወጣ መሬት ላይ ይጥላል። «ወረቀቱ አይፈለግም እህቴ» አለኝ። ለፕላስቲኩ 140 ብር ቆጠረልኝ። ተቀበልኩት። በብሩ እዚያው ሰፈር አንድ ሳፋ ገዛሁበት። ሳፋው እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላም ነገር አጥቻለሁ። ሥራ አጥቻለሁ፣ ሰው ቀብሬአለሁ። እነዚያ መጡብኝ እንጂ አላመጣኋቸውም። ይህን ግን በገዛ እጄ አደረግኩት። ሌባ አልሰረቀኝም፣ እሳት አልበላውም፣ ጎርፍ አልወሰደውም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ካሴቶቹ የአጎቴ ነበሩ። ጋሼ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳሪስ አቦ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ነበረቻቸው። የዚያን ጊዜ ሙዚቃ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ሰው ባዶ ካሴት ይገዛል፣ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው እያወጣ ይቀዳለታል። ጋሼ በእጥፍ ፍጥነት የሚቀዳ ቴፕ ነበራቸው፤ ግን በዚያ መቅዳት አይወዱም። «ሳይሰሙት የተቀዳ ዘፈን ነፍስ የለውም» ይሉ ነበር። ስለዚህ የስልሳ ደቂቃውን ካሴት ስልሳ ደቂቃ ቁጭ ብለው እየሰሙ ይቀዱታል። ከዚያ በፊት የቴፑን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጉታል። ክሩ ከተጠማዘዘ በእስክሪብቶ ቀስ አድርገው ያጠነጥኑታል። ከተበጠሰም ምላጭና ቀጭን ፕላስተር ይዘው ይጠግኑታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማርፈው እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ሥር ባለችው ዱካ ላይ ነበር።

ለራሳቸው የሚያስቀሩት ካሴት ሲሆን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ያደርጉ ነበር። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በካቻቪቴ ጫፍ ነቅለው ይጥሏቸዋል። ጥርሱ የተነቀለ ካሴት ላይ በስህተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም፤ የመቅጃው ቁልፍ እንቢ ይላል። ከዚያ በነጭ ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፈው ይለጥፉበትና በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ ይመዘግቡታል፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንዳጀበው። የመጨረሻው ቁጥር 612 ነው። ጋሼ እያንዳንዱን ካሴት ከቴፕ ስህተት ጠብቀውታል። ከእኔ መጠበቂያ ጥርስ ግን አልነበረውም።

ቁጥር 347 ላይ እንዲህ ይላል፤ «ሳሪስ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጥር 1986፣ ማታ። አዝማሪ ከጎንደር። ሀ እና ለ።» ያን ምሽት እኔም ነበርኩ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። አዝማሪው ለሠርግ ተጠርቶ የመጣ ሰው ነው። ሠርጉ አልቆ፣ ወደ አገሩ ሊሳፈር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የማሲንቆውን ጭራ የሚያስርበት ነገር ፍለጋ ሱቋ ገባ። ጋሼ አነጋገሩት፣ ሻይ አስመጡለት፣ ኋላም በሩን ከውስጥ ዘጉና ማይኩን በቆርቆሮ ጣሳ ላይ አቁመው ቴፑን አስነሡ። አዝማሪው በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ያለነውን ሰዎች ስማችንን ጠየቀ። ለጋሼ ገጠመላቸው። ለእናቴ ገጠመላት። ለሻይ አምጪው ልጅ ሳይቀር ገጠመለት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ ስሜን ከስንኙ መጨረሻ ላይ አሳርፎ ዘፈነልኝ። እናቴ እልል አለች። እኔ በሁለት እጄ ፊቴን ሸፍኜ ሳቅሁ። ያ ሁሉ ካሴቱ ውስጥ ነበር።

ስንኙን አላስታውሰውም። አዝማሪው ለብሶት የነበረውን ኮት ቀለም አስታውሳለሁ፣ የጣሳውን ጽሑፍ አስታውሳለሁ፣ ቤት የመታበትን ቃል ግን አላስታውሰውም። በሕይወቴ ለእኔ ብቻ ተብሎ የተገጠመ አንድ ግጥም ነበረኝ። ያንንም በኪሎ ሸጥኩት።

ሙዚቃ ቤቷ የኋላ ኋላ ተዘጋች። መጀመሪያ ሲዲ መጣ፤ ቀጥሎ ፍላሽ፤ ቀጥሎ በየሞባይል ቤቱ በር ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። መቶ ዘፈን በአምስት ደቂቃ ሚሞሪ ላይ የሚያስሞላ ሰው ስልሳ ደቂቃ ቁጭ ብለው የሚቀዱለትን ሽማግሌ አይጠብቅም። ጋሼ ካሴቶቹን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በ2008 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ጎፋ ወደሚኖረው ልጃቸው ቤት ሲጠቃለሉ ቦታ ጠፋና እኔን አስጠሩኝ። «ልጆቼ አይሰሟቸውም። አንቺ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብለሽ ትሰሚ ነበር፤ አንቺ ጋ ይሁኑልኝ» አሉኝ። ደብተሩንም ጨመሩልኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉም ስልክ ላይ አለ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ይሁን፤ ግን ያዣቸው» አሉ።

ያዝኳቸው፤ ለሁለት ወር። ካርቶኖቹ የኮንዶሚኒየሙን ሳሎን ሞሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳፍሩኝ ጀመር። የማጫውትበት ቴፕም አልነበረኝም። «ማን ካሴት ይሰማል?» የሚለውን ቃል ራሴም እለው ነበር፤ የሰማሁትም ከአንድ ሰው አይደለም፣ ዘመኑ በሙሉ የሚለው ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አንዳንዶቹን ርእሶች ስልኬ ላይ ፈለግኋቸው። ጥላሁን አለ። ብዙነሽ አለች። ሙሉቀን አለ። በቃ አልኩ። ቁጥር 347ን ግን አልፈለግኩትም። ብፈልገውም አላገኘውም ነበር፤ ጋሼ ሱቅ ውስጥ የተቀዳን አዝማሪ ማን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል? ቆራሌው በታች ሲጣራ ሰማሁ። በመስኮት ጠራሁት።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ወዲያው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንደጠፋ ቆየ። ጋሼ ያኔ ታመው ተኝተዋል። ልጠይቃቸው ጎፋ ስሄድ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጃቸው አልጋቸው ራስጌ ላይ ስልክ አስቀምጦ ዘፈን ይከፍትላቸው ነበር፤ አሁን ስልኩ ድዳ ሆኗል። ጋሼ እጄን ይዘው፣ «ያቺን የአዝማሪውን ካሴት አምጪልኝ፤ ቴፕ ከጎረቤት እናገኛለን» አሉኝ። «እሺ ጋሼ። ካርቶን ውስጥ ናት፤ ቅዳሜ እፈልጋታለሁ» አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ጠየቁኝ። «ካርቶኖቹ ተደራርበው እኮ ነው፤ ሰው ፈልጌ አስወርዳለሁ» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ አልጠየቁኝም። ፊቴን አይተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማወቃቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ያ ክረምት ሳያልቅ ቀበርናቸው።

የምኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። «ንፋስ ስልክ» ያለ ገመድ መልእክት የሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ስም ነበር፤ መልእክት በንፋስ የሚመጣ የመሰለው ሰው ያወጣው ስም ይመስላል። ከጋሼ ቀብር በኋላ ይህ ስም ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። በንፋስ የመጣ በንፋስ ይሄዳል። የያዝነው ግን ይቆይ ነበር፣ ብንይዘው።

ንፋሱ የቀረውንም ወሰደው። የጋሼን ደብተር ይዤ፣ ከ612ቱ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን እየፈለግኩ ለራሴ መዝገብ መሥራት ጀምሬ ነበር። አብዛኞቹን ያገኘሁት በአንድ ቻናል ላይ ነው፤ አንድ የማላውቀው ሰው የድሮ ካሴቶችን ሽፋናቸውን ጭምር እያሳየ የሚጭንበት ቻናል። ሁለት መቶ ያህል አስቀመጥኩ። በ2014 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከፍቼ ሳይ ዝርዝሩ ግራጫ ሆኗል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቪዲዮው እንደማይገኝ ይነግረኛል። ቻናሉ በመብት ክርክር ይሁን በሌላ ምክንያት ተዘግቷል፤ የሚነግረኝ የለም፣ የምጠይቀው ቢሮም የለም። ለጋሼ «ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ያልኩት ቃል በአንድ ሌሊት ሐሰት ሆነ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን እንደ አገርም የኖርነው እንዲሁ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ታሪክ ከእሳቸው ይጀምራል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያን ቅጂዎች ሰብስቦ በሲዲ ያወጣቸው ፓሪስ የሚታተመው የሙዚቃ ተከታታይ «ኢትዮፒክስ» ነው፤ 27ኛው ቅጽ ሆነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ክልከላውን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳተመ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። ዓሊ ካይፋ በዚያው ዓመት የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አሳተመ። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ውስጥ እንደገና ሲታተም የአውሮፓ ሰው ጆሮውን አቀና። እኛ በዚያ ጊዜ ሸክላውን ትተን ወደ ካሴት ዞረን ነበር። ሸክላውም በየቤቱ የአቧራ ማረፊያ ሆኖ ነበር።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ መጥቶ ያን አቧራ ያራገፈ ሰው ነው። እሱ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ከሠላሳ ያላነሱ ቅጾች አሉት፤ ሙላቱ አስታጥቄን፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ለዓለም ያደረሰ እሱ ነው። ምስጋና ይገባዋል። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ሀብት ከእኛ ቁም ሳጥን ሥር ነበር፤ አንሥቶ ለማየት ግን ከባሕር ማዶ ሰው መምጣት ነበረበት።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች አሜሪካ ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ እዚህ መጥቶ ተሸጠ፣ ተረሳ። ኃይሉም ዋሽንግተን አቅራቢያ ታክሲ ነጂ ሆነ። አንድ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌ ካሴቶች መሐል አገኛት፤ ባለቤቱን ፈልጎ አስፈቅዶ በ2013 እንደገና አሳተማት። ኃይሉ መርጊያ ከታክሲው ወጥቶ በዓለም መድረኮች ላይ ተመለሰ። ባሕር ዳር ሳለች በዚያች ካሴት ላይ የስንት ኢትዮጵያዊ እጅ ዐልፎ ይሆን? ከእኔ አሥራ አንድ ካርቶን ውስጥስ እንዲህ ያለ ስንት ነበር? ደብተሩ ላይ ቆጥሬያለሁ፤ ከ612ቱ ውስጥ 71ዱ በገበያ ያልወጡ፣ ጋሼ ራሳቸው በሠርግ፣ በማኅበር፣ በሱቃቸው የቀዷቸው ናቸው። የእነዚያ ሌላ ቅጂ የለም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ዓለምም እየተማረው ነው። በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ከፍለን የምናየውና የምንሰማው ነገር የእኛ አይደለም፤ የከፈልነው ለመስማት ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ያልቃል። በአቅራቢውና በባለመብቱ መሐል ያለው ውል ሲያበቃ ሥራው ይነሣል። ኩባንያው ወጪ መቀነስ ሲፈልግ ይነሣል። ኩባንያው ሲዘጋም አብሮ ይቀበራል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዙ ሰዎች የኪንድል ማንበቢያ ላይ ሳይጠይቃቸው ሰረዘው፤ ገንዘባቸውን መለሰ፣ መጽሐፉ ግን ሄደ። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ በ2019 ሰዎች ለአሥራ ሁለት ዓመት የጫኑትን፣ ወደ 50 ሚሊዮን እንደሚጠጋ የተገመተ ዘፈን በሰርቨር ዝውውር እንዳጠፋው አመነ። ዲዝኒ በ2023 በገዛ ገንዘቡ ያሠራቸውን በርካታ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ከራሱ መተግበሪያ ላይ አነሣ። ሰዉ ወደ ዲስክና ወደ ሸክላ የሚመለሰው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2020 ከሸክላ የተገኘው ገቢ ከሲዲው በለጠ፤ ይህ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እነሱ ሲመለሱ ፋብሪካቸው አለ፣ የተቀመጠ ዋና ቅጂ አላቸው። እኛ የምንመለሰው ወደ ምን ነው? ወደ ቆራሌው ከረጢት ነው?

ዲጂታሉን ለመርገም አይደለም የምጽፈው። የካሴት ዘመን ለሙዚቀኛው መልካም አልነበረም። ባለ ሱቆች፣ ጋሼም ጭምር፣ ለሙዚቀኛው ሳንቲም ሳይከፍሉ ይቀዱ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው የባለሙያው ልፋት እንዲህ ሲዘረፍ በመኖሩ ነው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲከፍቱም ዓላማቸው ሙዚቀኛው ከዘፈኑ እንዲበላ ነው። ያ ትክክል ነው። ግን መሸጫ ቦታ ማኅደር አይደለም። ሱቅ የማይሸጠውን ዕቃ ያነሣል፤ ማኅደር ግን ሊያነሣ አይገባም። እኛ ሱቁን እንደ ማኅደር ቆጠርነው፤ ማኅደሩን ለቆራሌ ሰጠነው።

አሁን አንድ አሮጌ ቴፕ አለኝ። ጎማው ላልቶ ነበር፤ መርካቶ አንድ ባለሙያ ቀየረልኝ። በየሄድኩበት ካሴት እጠይቃለሁ፤ እስካሁን 43 ደርሰዋል። አንዳንዱ ሻግቷል፤ አንዳንዱ ለዓመታት ባለመንቀሳቀሱ ክሩ ተጣብቋል። ጋሼ እንዳስተማሩኝ በእስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፣ ሄዱን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ጥርሳቸውንም እነቅላለሁ። የጎንደሩን አዝማሪ ግን በየትኛውም ካሴት ላይ አላገኘሁትም፤ እንደማላገኘውም አውቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር።

የእናንተ ግን ገና ሊሆን ይችላል። ካሴትም ዘላለማዊ አይደለም፤ ዩኔስኮና የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ማስጠንቀቂያ መግነጢሳዊ ክርን ማጫወት እስከ 2025 አካባቢ እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ተናግረው ነበር፤ ማጫወቻውም ጠጋኙም እያለቀ ነውና። ስለዚህ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በየቤታችሁ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከእናታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለውን አውጡት። የሠርግ ካሴት፣ የማኅበር፣ የመዝሙር፣ ከዐረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የአባታችሁ ቀረርቶ፣ ምንም ይሁን። ቴፕ ያለው ፈልጉ፤ አስገልብጡ፤ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጻፉበት። ካስገለበጣችሁም በኋላ ካሴቱን አትጣሉት። የማትይዙት ከሆነ ለሚይዝ ሰው ወይም ለሚይዝ ተቋም ስጡት። «ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ለሚላችሁ ሰው ደግሞ፣ እኔ ብዬው እንደነበር ንገሩልኝ።

ቆራሌው ነገ ጠዋትም በደጃችሁ ያልፋል። ካርቶኑን ከፍታችሁ ሳታዩ አትጥሩት።